ማህተም ያረፈባቸውን የብራዚል ኖቶች እንዴት እንደለየሁ

መጀመሪያ የደረደርኳቸው በላያቸው በተጻፈው ቁጥር ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የቀድሞው የብራዚል ፕሬዚዳንት ኩቢቼክ ያሉበት የ1985ቱ 100,000 ክሩዜይሮ (የያኔው የብራዚል ገንዘብ)፣ ሃሚንግበርድ ወፍ ካለችበት የ1992ቱ 100,000 ክሩዜይሮ ጎን ገባ (ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙም ቁጥሩም አንድ፣ ገንዘቡ ግን ሌላ። በመሃል በ1986 ክሩዛዶ፣ በ1989 ክሩዛዶ ኖቮ የተባሉ ገንዘቦች መጥተው እያንዳንዳቸው ሦስት ዜሮ ቆርጠዋል። በ1990 የተመለሰው ክሩዜይሮ የሚለው ስም ብቻ ነው፤ ዜሮ አልተነካም። ስለዚህ የኩቢቼክ ኖት በኋለኛው ክሩዜይሮ 10 ሳንቲም ነው። የወፏ ኖት ሚሊዮን እጥፍ ይበልጠዋል።

አሁን የምለየው በማህተሙ ነው። አዲስ ኖት ታትሞ እስኪደርስ በአሮጌው ዓይነት ግን ገና ባልተሠራጨ ኖት ላይ አዲሱ ዋጋ ይታተምበት ነበር፤ በ1986 ክብ፣ በ1989 ሦስት ማዕዘን፣ በ1990 አራት ማዕዘን፣ በ1993 ክሩዜይሮ ሬያል ሌላ ሦስት ዜሮ ቆርጦ ሲመጣ ዳግመኛ ክብ። ክቦቹ እንዳያምታቱ ጽሑፉን ማንበብ ይበቃል። የመጀመሪያው ክሩዛዶስ፣ የኋለኛው ክሩዜይሮስ ሬያይስ ይላል።

ሐሰተኛ ማህተም የሚጋለጠው እጥፋቱ ላይ ነው። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር አያለሁ፦ እውነተኛው ማህተም ኖቱ ሲታጠፍ አብሮ ስለተሰነጠቀ በእጥፋቱ መስመር ነጭ ወረቀት ይታያል። ያገለገለ ኖት ላይ በኋላ የተመታ ከሆነ ግን ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ይህ ምልክት ለታጠፉ ኖቶች ብቻ ይሠራል።

የማስቀምጣቸው በፖሊስተር ኪስ ነው። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከዓመታት በኋላ ቅባት ያወጣና ወረቀቱን ያበላሻል።

በየገጹ ገንዘቡ የተለወጠበትን ምክንያትም እጽፋለሁ፤ ያለ እሱ ስብስቡ ባዶ ወረቀት ይመስለኛል። በ1986 መንግሥት ዋጋን በአዋጅ አገደ፤ የበጀት ጉድለቱ ግን እንዳለ ነበር፤ ዕቃም ከመደርደሪያ ጠፋ። ደመወዝና ውል ካለፈው ወር የዋጋ ንረት ጋር ተያይዘው ስለሚያድጉ ንረቱ ራሱን ይመግብ ነበር። ይህን የፈታው ዩአርቪ የተባለው መለኪያ ነው፤ ገንዘብ ሳይሆን ዋጋና ደመወዝ የሚተመንበት ቁጥር። መጋቢት 1 ቀን 1994 በ647.50 ክሩዜይሮ ሬያል ጀምሮ ሐምሌ 1 ቀን 2,750 ሲደርስ ራሱ ሬያል ሆነ።

በዚያ ቀን ሂሳብ የወፏ ኖት 100 ክሩዜይሮ ሬያል፣ ማለትም 3.6 የሬያል ሳንቲም ገደማ ያወጣል።