ፋይሉ ይኸው እኮ!
ዛሬ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን ከጓደኛዬ ጋር በፒኤችፒ (የዌብሳይት መሥሪያ ቋንቋ) ከተሠራ አንድ ሳይት ጋር ስንታገል ዋልን። ላፕቶፑ ላይ ፏ ብሎ ይሠራል፤ ሰርቨር ላይ ሲጫን ሄደሩም (የገጹ ራስጌ) ፉተሩም (ግርጌው) የለም። «ፋይሉ ይኸው እኮ!» ይላል ጓደኛዬ ደጋግሞ።

አንደኛው ችግር፣ የፎልደሩ ስም በካፒታል፣ ኮዱ ላይ በስሞል ተጽፏል። ዊንዶውስ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊኑክስ ግን ንክች አያደርገውም። ሁለተኛው ይብሳል። በነጥብ ነጥብ የሚጀምር ፓዝ (የፋይል አድራሻ) የሚቆጠረው ኢንክሉዱ (ሌላ ፋይል የሚያስገባው ትእዛዝ) ከተጻፈበት ፋይል አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ፎልደር ነው። በሌላ ፎልደር ያለው የአድሚን ገጽ ሲከፈት መንገዱ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። «ዲር» የሚባለውን ኮንስታንት (ኮዱ የተጻፈበት ፋይል ያለበትን ፎልደር የሚሰጥ ቃል) ከፓዙ ፊት ስንጨምር ፋይሉ ገባ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ለምን ከመጀመሪያው ክላስ እንደማይነገር እንጃ።

ኢንክሉዱንም ያንኑ ሥራ በሚሠራው በሪኳየር ለውጠው አልኩት። ኢንክሉድ አጉረምርሞ ይቀጥላል፤ ሪኳየር ግን ፋይሉን ካጣ ቀጥ ነው።