ሐምሌ በጎመን መደብ ላይ

አገር ቤት ሐምሌ ጭቃና ብርድ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ስለዚህ በጋራ በምናለማው የአትክልት ቦታ ሥራ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ውኃውን ከሥሩ እናፈስሳለን እንጂ ቅጠሉን አናርሰውም፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ የቲማቲም ቅጠል ቶሎ ይታመማል። ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ጥላ ውስጥ ተሰቅሏል።

ዋናው ትግል ጎመኑ ላይ ነው። ጥቁርና ብርቱካናማ ዥንጉርጉር የሆነ ተባይ አለ፤ ቅጠሉን እየመጠጠ ያነጣዋል፣ ከዚያም ያጠወልገዋል። እንቁላሉን ከቅጠሉ ሥር ይደረድራል፤ ነጭ ሆኖ ጥቁር ቀለበት ስላለበት ትንንሽ በርሜል ይመስላል። መድኃኒት አንረጭም፤ ልጆቻችን የሚበሉት ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለበጥን እንቁላሉን እንጨፈልቃለን፣ ተባዩን የሳሙና ውኃ ውስጥ እንጥላለን። ያደክማል፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ ግን አላየሁም።

አጠገቤ የሚሠሩት እናት አንድ መደብ የሐበሻ ጎመን ለዘር ትተዋል። እኔ ቸኩያለሁ።

«እትዬ፣ አሁን አይታጨድም?»

«ቆይ ልጄ፣ ፍሬውን ነክሰሽ እዪው፤ ገና ለስላሳ ነው። ሲጠነክር ነው የሚታጨደው። ከዘገየሽ ደግሞ ረግፎ የወፍ ሲሳይ ይሆናል።»

ይህን ዘር ከገበያ ማግኘት ስለሚከብድ በየቀኑ ሄጄ አየዋለሁ።

ለመኸር የሚሆነውን ጎመን በዚህ ሳምንት ዘርተናል። የጎደለን አረም የሚነቅል እጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የምትመጡ ካላችሁ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ ያዙ፤ ስትመለሱ በሶብላ ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ።