3.3 የምትለዋ መስመር

ሃግዎን የሚባሉት የኮሪያ የግል ማስጠኛ ቤቶች የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህር ሲቀጥሩ ውላቸው ብዙውን ጊዜ ያማረ ነው። ጉዱ ያለው የደመወዝ ስሊፑ ላይ ነው። ከኖቬምበር 2021 ወዲህ ማንኛውም አሠሪ ተቀናሹን የሚዘረዝር ስሊፕ መስጠት ግዴታው ነው፤ «እኛ ጋ አንሰጥም» የሚል ካለ ገና ከጅምሩ ሕግ ጥሷል።

ኢ-2 የተባለው የቋንቋ መምህራን ቪዛ በመደበኛው መንገድ የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በተለይ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ላላቸው ልጆቻችን ነው።

የመጀመሪያው ወር ስሊፕ ላይ የጡረታና የጤና መድን ተቀናሽ ካለ ደህና ነው። በነሱ ፈንታ 3.3 በመቶ የምትል መስመር ብቻ ካለች ግን አሠሪው «ይህ ሰው ሠራተኛዬ አይደለም፣ ፍሪላንሰር ነው» ብሎ አስመዝግቧል ማለት ነው። 3ቱ የገቢ ግብር፣ 0.3ቱ የአካባቢ ግብር ነው። መምህሩ ተቀናሹ ስላነሰለት ደስ ይለዋል። እስቲ እናስላው። ደመወዙ 2,400,000 ዎን ቢሆን 3.3 በመቶው 79,200 ነው። በ2026 የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 4.75 በመቶ ነው፣ ማለትም 114,000፤ አሠሪው ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምራል። የ12 ወሩ ድምር 2,736,000 ዎን ይመጣል። አሜሪካዊ፣ ካናዳዊ ወይም አውስትራሊያዊ አገሩ ለመግባት ሲወጣ ይህን ጠቅልሎ መውሰድ ይችላል፤ ፍሪላንሰር ተብሎ የተመዘገበው ግን ይህ ይቀርበታል። እንግሊዛዊ አይችልም፤ ደቡብ አፍሪካዊ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይቆረጥበትም።

ሁለተኛው ኪሳራ የስንብት ክፍያ ነው። በሳምንት በአማካይ 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሠርቶ ዓመት የሞላው ሁሉ ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ ያገኛል። የመጨረሻው 3 ወር ክፍያ 7,200,000 ከሆነ በ92 ቀን ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 2,347,826 ዎን ይሆናል። ሥራው ካበቃ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። «በየወሩ ደመወዝህ ውስጥ ተካቷል» የሚል አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ ብትፈርሙበትም እንኳ። አሥራ አንደኛው ወር ላይ ማባረር የተለመደው ከዚህ ክፍያ ለማምለጥ ነው። ቢሆንም ሦስት ወር የሠራ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ወይም የ30 ቀን ደመወዝ ይገባዋል።

ወረቀቱ ፍሪላንሰር ቢልም የሚታየው አሠራሩ ነው፦ ሰዓቱን የሚወስነው፣ መጽሐፉን የሚመርጠው፣ ክፍሉን የሚመድበው ማን ነው? ስለዚህ በግድግዳ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። ዳይሬክተሩ «ነገ 9 ሰዓት ግባ» ብሎ በካካኦቶክ (የኮሪያ የመልእክት መተግበሪያ) የጻፈውን አስቀምጡ፤ የባንክ ዝርዝሩንም ጨምሩበት።

ወደ ሥራ ሚኒስቴሩ የስልክ ምክር መስመር 1350 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። አቤቱታው በአካባቢው የሥራ ጉዳይ ቢሮ ይገባል፤ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ተቆጣጣሪው ሁለታችሁንም ይጠራል። የደመወዝና የስንብት ክፍያ ጥያቄ በ3 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ያላግባብ ተባርሬአለሁ የሚል ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ለሥራ ግንኙነት ኮሚሽን ማመልከት አለበት፤ ያውም ማስጠኛ ቤቱ 5 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው። እዚህ ላይ ባለቤቱ «ሁሉም ፍሪላንሰር ናቸው፣ እኔ ሠራተኛ ያለኝ ሁለት ነው» ይላል። የባልደረቦቻችሁ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ እነሱም ሠራተኞች መሆናቸውን ያሳያል።

በንዴት ውል አቋርጦ መውጣት ግን አይመከርም። ቪዛው በዚያው ቤት ስም ስለሆነ፣ ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ለመዛወር የአሠሪው የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠየቃል። በጎን ያለፈቃድ ተማሪ ቤቱ ሄዶ የሚያስጠና ደግሞ ለባለቤቱ መሣሪያ ያቀብላል፦ አቤት ባለ ማግስት ኢሚግሬሽን ይጠቁምበታል፣ ቅጣቱም እስከ ከአገር መባረር ይደርሳል።