ሠላሳ አምስት ቀን ያላት መስከረም

በድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎች የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ቁጥር ከዝናብ ጋር የሚያነጻጽረው ጥናታችን ለመጽሔት ሊላክ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። አጠቃሎው በተፈቀደው የቃላት ልክ ውስጥ ገብቷል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ተያይዟል፤ ለአርታኢው የሚላከው ደብዳቤም ተፈርሟል። ለምልከታ ጥናቶች የተዘጋጀውን፣ ስትሮብ የሚባለውን ባለ 22 ነጥብ የማመሳከሪያ ዝርዝር ሳይቀር አንድ በአንድ ሞልተናል። በቡድኑ ውስጥ የእኔ ሥራ ጽሑፉን ማቃናት፣ ሰንጠረዦቹንም ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት ነው።

ወባ በዚህ ከተማ እንደ ሌላው ቦታ የሚታይ ርእስ አይደለም። ከእስያ የመጣችው፣ ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ ኋላ ድሬዳዋም ተገኘች። ይህች ትንኝ የክረምት ኩሬ እስኪያቁር አትጠብቅም። በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ተመራማሪዎችን ዓይን የሳበውም በደረቁ ወራት በመከሰቱ ነው። ስለዚህ “ወባ የሚጨምረው በየትኛው ወር ነው?” የሚለው ጥያቄ እዚህ ከባድ ጥያቄ ነው። ዝናብን ተከትሎ ነው ከተባለ የመከላከሉ ሥራ ክረምትን ይጠብቃል። አይደለም ከተባለ ግን የየቤቱን ውኃ መያዣ ዓመቱን ሙሉ መክደንና መፈተሽ ሊያስፈልግ ነው።

የእኛ ረቂቅ “ዝናብን ተከትሎ ነው” ወደሚለው አዘንብሎ ነበር። ዋናው ሥዕላዊ መግለጫ ላይ የመስከረም ዓምድ ከሁሉም በልጦ ቆሟል። ትንተናውን የሠራው ወጣት ባልደረባችን ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የሜትሮሎጂው መረጃ በአውሮፓውያን ወራት ስለሆነ መስከረምን ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ብሎ ለውጦታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማንኛውም የቀን መቁጠሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

የጤና ጣቢያዎቹ ስም በትክክል መጻፉን ላረጋግጥ ብዬ ረቂቁን አትሜ ከከዚራ ሰፈር በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻገርኩ። መጋላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ወርኃዊ ሪፖርት ያጠናቀሩ የጤና መረጃ ባለሙያ አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ስሞቹን በፍጥነት አይተው አለፉና ሥዕሉ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን በረጅሙ ዓምድ ላይ አሳረፉ።

“ይህችን መስከረም ስንት ቀን አድርጋችሁ ነው የቆጠራችኋት?”

“ሠላሳ ነዋ፣ እትዬ።”

“የእኛ ሪፖርት እኮ በ21 ተከፍቶ በ20 ነው የሚዘጋው፣ ልጄ። የመስከረም የምንለው ከነሐሴ 21 ጀምሮ ያለውን ነው። ጳጉሜንስ የት አደረሳችኋት?”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት አውጥተን አብረን ደመርን። ከነሐሴ መጨረሻ 10 ቀን፣ ከጳጉሜ 5፣ ከመስከረም 20፤ በድምሩ 35 ቀን። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት 36 ይሆናል። ሌሎቹ የሪፖርት ወራት ሁሉ 30 ቀን ናቸው። በአንድ ጤና ጣቢያ በየቀኑ ዐሥር ዐሥር ሕሙማን ቢመዘገቡ የሌላው ወር ሪፖርት 300 ሲል የመስከረሙ 350 ይላል። አንድም ተጨማሪ ሰው በቀን ሳይታመም ዓምዱ በአንድ ስድስተኛ ያድጋል ማለት ነው። ያውም በየዓመቱ፣ ያውም ልክ ክረምቱ በሚወጣበት ሰሞን! ዝናብ ያመጣው የሚመስል ጭማሪ ከዚህ በላይ እንዴት ይፈጠራል?

ቀኑም ቢሆን ቦታውን ስቷል። ያ ሪፖርት በአውሮፓውያኑ ከኦገስት 27 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለውን የሚይዝ ሲሆን የእኛ ሰንጠረዥ ግን መነሻውን 15 ቀን፣ መድረሻውን 10 ቀን ወደፊት ገፍቶታል። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃታል። እኛ ልንለካ የተነሣነው በዝናቡና በሕመሙ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ስሕተቱ ራሱ ከምንለካው ነገር ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ምን ለካን እንላለን?

ቡድኑ ሲሰበሰብ ሁሉም በአንድ ልብ አልሆነም። የማዕረግ ዕድገቱ ይህን ጽሑፍ የሚጠብቅ ባልደረባ አለን፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። “እንላከውና ገምጋሚዎቹ ካነሡት እናርማለን” የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚህ ፈጽሞ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ገምጋሚው በሌላ አገር ተቀምጦ “ሴፕቴምበር” የሚል ዓምድ ሲያይ ጳጉሜ የምትባል ወር መኖሯን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሪፖርታችን በ21 እንደሚከፈት ማን ይነግረዋል? የስታቲስቲክስ ስሕተት ቢሆን ያገኘው ነበር። ይህን ግን እዚህ ያለን ሰዎች ካላየነው ታትሞ ይወጣል፤ ሌሎች ይጠቅሱታል፤ የአጎበርና የመድኃኒት ዕቅድም በእርሱ ላይ ይወጣል።

ወርኃዊ ሪፖርቱን ትተን ወደ ተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ተመለስን። ወጣቱ ባልደረባችን ሕሙማኑ የተመዘገቡበትን ቀን አንድ በአንድ ለወጠ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 መሆኑን ለይቶ ያዘ፤ ከዚያ ሁሉንም በሳምንት በሳምንት መደበው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረረም። የመስከረም ዓምድ ዝቅ አለ። ከርእሱ ላይ “ዝናብን ተከትሎ” የሚለውን ሐረግ አወጣሁ፤ የአጠቃሎውንም የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ማስረጃው በሚሸከመው ልክ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። በዘዴ ክፍሉ ቀኖቹ እንዴት እንደተቆጠሩ የሚያስረዳ አንቀጽ ገባ።

ቀጥሎ የእትዬ ጉዳይ ተነሣ። ከባልደረቦቼ አንዱ በምስጋና ስሜት “በደራሲነት እናስገባቸው” አለ። የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መስፈርት አለው፦ ለጥናቱ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት መመርመር፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂነትን መቀበል። አራቱም መሟላት አለባቸው፤ ስም እንደ ስጦታ አይሰጥም። ሆኖም የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በቀሩትም እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ያው መመሪያ ይናገራል። ብዙ ጊዜ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ይህን ዕድል አያገኙም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ስለዚህ እኛ ከመወሰናችን በፊት እርሳቸው እንዲጠየቁ አሳሰብኩ።

ሄደን ነገርናቸው። የዘዴውን አንቀጽ በአማርኛ አስረዳናቸውና አንድ ቦታ አረሙን። ደራሲነቱን ግን አልፈለጉም፤ ለሙሉ ጽሑፉ መልስ ሰጪ መሆን እንደማይሹ በግልጽ ተናገሩ። ለምስጋናው ክፍል የጽሑፍ ፈቃዳቸውን ስንጠይቅ ብዕሩን ይዘው ትንሽ አሰቡና “የእኔን ብቻ ከጻፋችሁ አልፈርምም፤ ቀኑን በየመዝገቡ ያሰፈሩት ሌሎች ናቸው” አሉ። በየጤና ጣቢያው ዞረን የመዝገብ ሠራተኞቹን ስምና ፈቃድ ሰበሰብን፤ ጽሑፉ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው።