የባሌን ሰባት ቤት ፍለጋ

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላው አባቴ በስልክ ዘር ያስቆጥረው ጀመር። በእኔ በኩል ሰባት ቤት ደረሰ። በባሌ በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ቆመ። ባሌ የፔንሲልቬኒያ ሰው ነው፤ ስናይደር ይባላሉ። ከየት ነው የመጣችሁት ሲሉት “ከጀርመን መሰለኝ” ይላል። መሰለኝ! አባቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ፍለጋውን ያስጀመረኝ ያ ዝምታ ነው።

አማቴ “በኤሊስ ደሴት ነው የገቡት፣ ስማችንንም እዚያ ቀየሩት” አለችኝ። አምኜ አንድ ክረምት በዚያ የኒውዮርክ ስደተኞች መቀበያ መዝገብ ላይ ተቸከልኩ። በኋላ እዚያው ፔንሲልቬኒያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ የ1730ዎቹ የመሬት ወረቀት አገኘሁላቸው። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በ1892 ነው! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከዚያ ወዲያ ወሬውን ትቼ በወረቀት ከተረጋገጠው ሰው ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ እያልኩ ወጣሁ።

ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚወርዱ ጀርመኖች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ምለው ይፈርሙ ነበር። ዝርዝሩ ተርፏል፤ በ1934 ከነፊርማዎቹ ምስል ታትሟል። ግን የሚፈርመው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ብቻ ነው። መጻፍ ለማይችለው ጸሐፊው እንደሰማው ስሙን ይጽፍለታል፣ እሱ ምልክት ያደርግበታል። የኛ ሰው ምልክት መስቀል ትሁን ጭረት የማትለይ ነገር ናት፤ አንድ ጫፏ ቀለም ፈሶባታል። ከሮተርዳም ተነስቶ በእንግሊዝ ወደብ በኩል ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ በእጁ የተወልን እሷን ብቻ ነው።

ስማቸው ደግሞ ጉድ ነው። ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስቱም ዮሃን! ባሌ ግራ ገባው። እኔ ግን እንደ ክርስትና ስም አየሁት፤ ሰው የሚጠራው በሁለተኛው ስም ነው። ስናይደር ደግሞ በጀርመንኛ ሽናይደር ነው፤ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ልብስ ሰፊ የሌለው መንደር የት አለ? የሌላ ሰው ልጅ የኛ አያት ነው ብዬ ይዤ ስምንት ወር ለፋሁ። የቀብር መዝገቡን ቀድሜ ባየው ኖሮ ያ ልጅ በሁለት ዓመቱ እንደሞተ አውቅ ነበር።

ያወጣኝ ጎረቤት ነው። በመሐላው ዝርዝር ላይ ከኛ ሰው በላይና በታች የፈረሙትን ላንካስተር ውስጥ አንድ በአንድ ፈለግኩ። አንደኛው የኛ ሰው ልጅ ክርስትና አባት ሆኖ ተገኘ፤ የዚህኛው የትውልድ መንደር ታወቀ፣ ራይን ወንዝ አካባቢ ነው። የመንደሩን የጥምቀት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ከፈትኩ። የኛም ሰው እዚያው አለ። ቄሱ ስሙ ዳር ላይ “ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄደ” ብለውበታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሌን ቀሰቀስኩት።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለኝ። ውርሱ በፌብሩዋሪ 1738 ተጣርቷል፤ በኖቬምበር 1738 ደግሞ ልጅ ክርስትና ያስነሳል። ሞቶ? ለካ እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው ማርች 25 ነበር፤ ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቆጣጠር 1739 ነው። በሁለት ካላንደር ያደግኩ ሰው ይህን ቶሎ አለማየቴ አሳፈረኝ።

አሁን ልጄ በአባቱ በኩል ስምንት ይቆጥራል። የቀረችኝ ያ ሰው ይዟት የመጣው ሚስቱ ናት። መዝገቡ “አና ማሪያ” ብሎ ያልፋታል። የመንደሩ ሴቶች ግማሾቹ አና ማሪያ ናቸው።