ይለመዳል

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ቀኝ ዓይኔ አሁንም እንደቀላ ነው፣ ስልኩን በግራ ዓይኔ እያየሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ቃሪያ ነው። ነገ ቤት ሰው ይመጣል፣ ጾም ስለሆነ ስንግ ልሥራ ብዬ ማታ ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሻጩ ልጅ እኮ ነግሮኛል፣ "ይሄኛው ያቃጥላል እህቴ፣ በኋላ እንዳትይኝ" ብሎኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሚያቃጥለውን ነው የምወደው። ጓንት ሲንኩ ሥር አለ፣ ለዚህችማ ምን ጓንት ያስፈልጋል አልኩና ተውኩት። አንድ በአንድ ሆዱን እየሰነጠቅኩ ፍሬውንና ፍሬውን የያዘውን ነጩን ነገር በአውራ ጣቴ ጥፍር እየፋቅኩ አወጣሁ። ሰው ፍሬው ነው የሚያቃጥለው ይላል እንጂ ዋናው ማቃጠያ ያለው እዚያ ነጩ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን ነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በጥፍሬ ስቆፍር የቆየሁት። ከዚያ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ ወጥ ቤቱን አፀዳሁ፣ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎታል ልተኛ ብዬ ኮንታክት ሌንሴን ለማውጣት ጣቴን ዓይኔ ውስጥ ስከት።

እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ዓይኔ ውስጥ ፍም የተከተተ ነው የመሰለኝ። ሌንሱ ደግሞ አልወጣ አለ፣ ለማውጣት በነካሁት ቁጥር ይብሳል፣ ምክንያቱም ችግሩ ጣቴ ራሱ ነዋ። ባለቤቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ መጣ፣ እጁን አይቼ "አንተ አውጣልኝ" አልኩት፣ አወጣልኝና በኩባያ ንጹህ ውሃ እያፈሰሰልኝ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆምን። ታላቅ እህቴ ጋ ስንደውል ወተት አድርጉበት አለች፣ አልሰማኋትም፣ ወተት ለአፍ ነው የሚረዳው፣ ዓይን ውስጥ ከንጹህ ውሃ ሌላ ምንም አላስገባም። ሌንሷን ጣልኳት። ያን ነገር አንዴ ከጠጣች አትለቀውም፣ ነገ መልሼ ባደርጋት ያው ነው የሚሆነው፣ እናንተም ሌንስ የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ቃሪያ ከመንካታችሁ በፊት አውጡት፣ ወይ ጓንት አድርጉ።

ዓይኔ ሲረጋ እጄ ጀመረ። ሳሙና ለምን እንዳላዳነኝ የገባኝ ያኔ ነው። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፣ ቅባት ነው የሚያሟሟው፣ ውሃ አይሆነውም። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን በምግብ ዘይት ጥፍር ሥር ድረስ በደንብ አሽቶ፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ ነው። እኔ ይሄን ያደረግኩት ከረፈደ በኋላ ነው። ለብ ያለ ውሃ ሳደርግበት ደግሞ ባሰ። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው ቀለል አለኝ።

ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ 1990 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት እናቴ አንድ ፈረሱላ ዛላ በርበሬ አስመጣች፣ 17 ኪሎ ማለት ነው፣ የማረቆ ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ትዝ ይለኛል፣ የማረቆ በርበሬ ካለሽ የዓመት ወጥሽ አያሳስብሽም ትል ነበር። ቤታችን ያኔ ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከኔ በአራት ዓመት አትበልጥም። ኬሻው ጓሮ ተዘርግፎ እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ዛላውን አንድ በአንድ እየቀነጠሰች፣ የተበላሸውን እየለየች፣ እየሰነጠቀች ፍሬውን ታራግፋለች። በባዶ እጇ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ አላስታውስም፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁሌ እዚያው ነበረች። ከዚያ መታጠቡ አለ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሙቀጫ መውቀጡ አለ፣ ታፍኖ ማደሩ፣ ፀሐይ ላይ መሰጣቱ፣ በየሰዓቱ በእጅ መገለባበጡ፣ መታመሱ። እኛ በርበሬው ሲታመስ ሳል ስለሚይዘን ጎረቤት ቤት እንላካለን። እሷ ነጠላ አፍንጫዋ ላይ ታስራ ምጣዱ ጋ ትቀራለች።

እናቴም አብራ ትሠራ ነበር፣ አልዋሽም። እናቴ ሥራው ሲያልቅ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባና እጇን ፀጉሯ ላይ ፍትግ ፍትግ ታደርጋለች። ያኔ ለማማር መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ ዘይቱን እጄ ላይ ሳሽ ነው የገባኝ፣ ለካ ቅቤው ነው የሚያወጣው። ያቺ ልጅ ግን ፀጉር አልነበራትም። ስትመጣ ቅማል ይኖርባታል ተብሎ ተላጭታ ነበር።

አንድ ሌሊት ሽንቴ መጥቶ ስወጣ ሳሎን መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ አየኋት፣ ፍራሿ ላይ አይደለም፣ ሊሾው ላይ፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ መዳፏን ሊሾው ላይ ለጥፋ። የምትጸልይ መስሎኝ ዝም ብዬ ጠበቅኳት። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ሊሾው የሞቀባት ይመስለኛል፣ መዳፏን አንስታ ትንሽ ወዲያ አዛውራ እንደገና ለጠፈችው። እኔም አጠገቧ ተኝቼ እጄን ለጠፍኩ፣ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጠዋት እጇ እንደሚያቃጥላት ስናገር ቤት ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዷ፣ እናቴ ትሁን ሌላ ሰው አላስታውስም፣ "ይለመዳል" አለች። በቃ። ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፣ እኔም ወደ ትምህርት ቤት።

አሁን እንቅልፍ ሳጣ ስልኬ ላይ ስለ ካፕሳይሲን ማንበብ ጀመርኩ። ለካ በርበሬ ቆዳን እንደ እሳት አያቃጥልም። ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲነካን "ተቃጠልሽ" ብሎ የሚጮህ ነርቫችን ላይ ያለ በር አለ፣ ካፕሳይሲን ያንን በር ይከፍተዋል፣ ከፍቶት እያለ የገዛ ሰውነትሽ ሙቀት ራሱ እሳት ይሆንብሻል፣ ቀዝቃዛ ነገር ስትነኪ ደግሞ ጩኸቱ ይቀንሳል። ይሄን በር ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ነው ጥናታቸው የወጣው፣ ጁሊየስ በ2021 ኖቤል ተሸለሙበት። ወሩን በእኛ ስቆጥረው ጥቅምት 1990 ሆነ። የዚያው ዓመት ነው። ደጋግሜ ቆጠርኩት። እዚያ ሰዎቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ የበርበሬና የሙቀት በር አንድ ነው ብለው ሲጽፉ፣ እኛ ሳሎን አንዲት የተላጨች ልጅ ማንም ሳይነግራት መዳፏን ሊሾ ላይ ለጥፋ ነበር።

ሌላም አነበብኩ፣ ይሄኛው ነው እንቅልፌን የከለከለኝ። ይለመዳል የሚሉት ነገር እውነት አለው። ካፕሳይሲን ቆዳን ደጋግሞ ሲነካው ነርቩ ይደክማል፣ መጮሁን ይተዋል፣ የሕመም ማስታገሻ ቅባትም ይሠራበታል። ማለትም ያቺ ልጅ በኋላ ዝም ያለችው አንድ ሰው ቅቤ ቀብቷት ላይሆን ይችላል።

ማታ ዓይኔን ልትጠይቅ እናቴ ደውላ ነበር፣ እህቴ ነግራት። ስለ ዓይኔ ትንሽ አወራንና ሳላስበው "እማዬ፣ ያቺ ልጅ፣ በርበሬ የቀነጠሰችው፣ የት ሄደች?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "አጎቷ መጥቶ ወሰዳት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እንደሷ ንጹህ አድርጎ የለቀመልኝ ሰው የለም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ወሬዋን ሰምታ አታውቅም። እጇ እኮ ይቃጠል ነበር አልኳት፣ ሌሊት መሬት ላይ ተኝታ አይቻታለሁ አልኳት።

"እኔስ? የኔስ እጅ አይቃጠልም ነበር?" አለች። አልተቆጣችም፣ እንዲሁ የገረማት ነው የምትመስለው። "ማን ጠየቀኝ?"

ምን እንደምላት ጠፋኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም አልጠየቅኳትም፣ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በእጇ ያሰናዳችውን በርበሬ በፌስታል እየተቀበልኩ ነው፣ ዘንድሮም የተቀበልኩት እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። "አሁንስ እማ?" አልኳት።

"አሁንማ አይሰማኝም" አለችኝና ዓይንሽን እንዳታሺው ብላ ዘጋች።

አይሰማኝም ያለችው እጇን ነው? ወይስ ከጥያቄዬ ልታርፍ ነው? መዳፌ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፣ ግድግዳው ሞቆብኛል፣ ወዲያ ላዛውረው።