ባለ ሦስት ግቤት የድምፅ መምረጫ፦ ሥራው ያለው ግራውንዱ ላይ ነው

መምረጫ ሳጥኔ ሥራ ጀምሯል። ኮምፒውተር፣ ሲዲ ማጫወቻና ስልክ ወደ አንድ አምፕሊፋየር ይገባሉ፤ ማዞሪያውን ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ገመድ እየነቀሉ መሰካት ቀረ።

ለስቴሪዮ 2 ፖል (አብረው የሚቀያየሩ ግን የማይነካኩ መስመሮች) ያለው ሮታሪ ስዊች፣ ማለትም የሚዞር መቀየሪያ፣ ይበቃል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። የሁሉም ግራውንድ (የሲግናሉ መመለሻ ሽቦ) አንድ ላይ ይታሰራል። እኔ ግን ባለ 4 ፖል ነው የመረጥኩት። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ነው። እሱም አምፕሊፋየሩም መሬት ባለው ሶኬት ስለሚሰኩ፣ ግራውንዳቸው በድምፅ ገመዱ በኩል እንደገና ሲገናኝ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ የመብራቱ እምምም የሚል ድምፅ ይገባል። ግራውንዱ የጋራ ከሆነ ሲዲ እየሰማችሁም አይለቃችሁም። በቀሩት 2 ፖሎች ግራውንዱን አብሬ ስቀያይረው፣ ኮምፒውተሩ ካልተመረጠ ቀለበቱ ይቆረጣል። ሲዲው አሁን ጸጥ ያለ ነው።

ሳጥኑ ብረት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጃኮቹ ውጫዊ ቀለበት ብረቱን ከነካ የለያያችሁት ግራውንድ በጓሮ በር ይገናኛል። ስለዚህ ፕላስቲክ ዋሸር ያላቸውን ጃኮች ተጠቀሙ። ከብየዳ በፊት መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጋችሁ የእያንዳንዱን ጃክ ቀለበትና የሳጥኑን ብረት ንኩ። ጢጥ ካለ የዚያ ጃክ ዋሸር በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ሳጥኑን ራሱን ከመውጫው ግራውንድ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ እሰሩት።

ብየዳው ላይ ቸኩሉ፤ እዚህ ቀርፋፋነት ነው የሚጎዳው። የስዊቹ እግሮች የተተከሉት ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ መበየጃው ከቆየ እግሩ ይዘማል። ሽቦውንም እግሩንም ቀድማችሁ ሊድ ቀቧቸው። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

ስዊቹ ሌላውን ከመያዙ በፊት የመጀመሪያውን የሚለቅ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ በሽግግሩ ላይ ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። በየግቤቱ ከሲግናል ወደ ግራውንድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አስገብቻለሁ። በመሣሪያዎቹ መውጫ ላይ ባለው ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ክፍል) የተጠራቀመውን ስለሚያፈስ ስትቀይሩ የሚሰማውን ጧ የሚል ድምፅ ይቀንሳል። ግራውንድ የምትቀያይሩ ከሆነ ግን ከማዞራችሁ በፊት ቮልዩም ቀንሱ። ሲግናሉ ከግራውንዱ ቀድሞ ከነካ ስፒከሩ ይጮሃል።

ኮምፒውተሩ ራሱ ሲመረጥ እምምታው አሁንም አለ። ቀጥሎ በእሱ መስመር ላይ ብቻ ድምፁን እያሳለፈ ግራውንዱን የሚለያይ የኦዲዮ ትራንስፎርመር ላስገባ ነው።